ዜሮና ዝምታ አንድ አይደሉም፦ ሴንሰር ሲናገርና ዝም ሲል

የቆየ መካኒክ ሞተር ሲመረምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረጅም ካቻቪቴ ያነሣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሮው ሥር ያስደግፋል። ትንሽ ያዳምጥና «ኩሽኔታው ሊበላ ነው፤ ሳይቆምባችሁ ቀይሩት» ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ካቻቪቴው ተአምር የለውም። የሞተሩ ንዝረት በብረቱ ተጉዞ ጆሮ ይደርሳል፤ ጆሮ የሰማውን አእምሮ ከዓመታት ልምድ ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ ፍርድ ይሰጣል።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ዓይነቱ ጆሮ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት፤ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው። በብዙ አገር የድሮ የባቡር ሠራተኞች ጎማውን በመዶሻ መታ እያደረጉ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ደህናው ጎማ እንደ ደወል ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያወጣል።

አሁን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንሂድ። ስፍራው ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። እንበልና ከፓርኩ ሼዶች በአንዱ ውስጥ 60 ሞተሮች አሉ። አንድ መካኒክ እያንዳንዱን ለ2 ደቂቃ ቢያዳምጥ ዙሩን ለመጨረስ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። የመጀመሪያው ሞተር እሱ ዞር ባለ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጋል ቢጀምርስ? ቀጣዩ ጉብኝት እስኪደርስ ማንም አያውቅም። ሌሊት ላይ ከሆነማ ተዉት።

የማይደክምና የማይተኛ፣ የሰማውንም ወዲያው የሚናገር ጆሮ እያንዳንዱ ሞተር ላይ ብናስቀምጥስ? «የነገሮች ኢንተርኔት» ወይም አይኦቲ የሚባለው መስክ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ዛሬ ይህን ነገር በማስተርስና በፒኤችዲ ደረጃ የሚያጠኑ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስጀምር ከባዱ ሥራ ዕቃን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘቱ ይመስለኝ ነበር። ማገናኘቱን እኮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትለምዱታላችሁ። ዓመታት የሚፈጀው ስልካችሁ ላይ የመጣውን ቁጥር ማመን እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ መለየት ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አንድ የሙቀት ቁጥር ከሞተሩ ተነሥቶ ስልካችሁ ላይ እስኪደርስ በአራት እጅ ያልፋል።

የመጀመሪያው ሴንሰሩ ነው፤ በአማርኛ ዳሳሽ የምንለው። በፋብሪካ ውስጥ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ፒቲ100 ይባላል። ውስጡ ያለው ቀጭን ፕላቲነም ነው። ፕላቲነም ሲሞቅ ኤሌክትሪክ እንደልብ አያሳልፍም። በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የመቋቋም አቅሙ 100 ኦም ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ይሆናል። ሞተሩ 60 ዲግሪ ላይ ከሆነ 123.2 ኦም አካባቢ ታነባላችሁ። ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ «60 ዲግሪ» ብሎ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ኦም ብቻ ነው። ወደ ዲግሪ የምንቀይረው እኛ ነን።

ሁለተኛው ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የኤሌክትሪኩን መጠን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ተማሪዎች በብዛት የሚለማመዱበት ኢኤስፒ32 የተባለው ቺፕ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረውት አሉ።

ሦስተኛው መልእክተኛው ነው። ዋይፋይ፣ የሞባይል ኔትወርክ ወይም ሎራ የሚባለው ጥቂት መረጃ በጥቂት ጉልበት ራቅ አድርጎ የሚልክ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል። መልእክቱ የሚጻፍበት ደንብም አለው። ከታወቁት አንዱ ኤምኪውቲቲ ነው። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈጠረው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነበር። የሳተላይት መስመር ውድ ስለሆነ አጭር መናገር ግድ ነበር።

አራተኛው ፈራጁ ነው፤ ቁጥሩን ተቀብሎ «ደህና ነው» ወይም «ሞተሩን አቁሙ» የሚለው ፕሮግራም ወይም ሰው።

አራቱም እጆች ሊያሳስቱ ይችላሉ። የሚያስፈራው ደግሞ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ስሕተት አይመስልም።

ሌሊቱን ሙሉ 31 ዲግሪ

አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን በአንድ ሕንፃ የውኃ ፓምፕ ሞተር ላይ የሙቀት ሴንሰር ገጠምን። በየደቂቃው የሚለካውን ወደ ስልካችን ይልካል። ማታ 2 ሰዓት ላይ 31 ዲግሪ ይላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አየነው፤ 31። ሊነጋጋ ሲል አየነው፤ አሁንም 31። «ምን ያለ ጤነኛ ሞተር ነው!» ተባባልን።

ጠዋት ስንሄድ ሞተሩ በእጅ አይነካም። የሴንሰሩ ሽቦ በንዝረቱ ብዛት ተፈትቶ ወድቋል። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ 31 የሚለን ማን ነበር? የራሳችን ፕሮግራም። «አዲስ ቁጥር ካልመጣ የቀድሞውን አሳይ» ብለን የጻፍነው እኛው ነን። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ እንዳያስጠላ ብለን ነበር። ሴንሰሩ ከሞተ በኋላ እኛ ስንናገርለት አደርን ማለት ነው።

ቆም ብለን ብናስብ ኖሮ ያውቅብን ነበር። ፓምፕ ሲሠራ ይሞቃል፣ ታንከሩ ሲሞላ ይቆምና ይቀዘቅዛል። መስመሩ ከፍ ዝቅ ማለት ነበረበት። ደግሞም እውነተኛ ልኬት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እንኳ የመጨረሻዋ አኃዝ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ዝንፍ የማይል ቀጥ ያለ መስመር ስታዩ መጠርጠር ጥሩ ነው።

ከዜሮ የማይጀምር መለኪያ

የቀድሞ የፋብሪካ መሐንዲሶች ይህን ችግር ኢንተርኔት ሳይመጣ በፊት ያውቁት ነበር፤ ያበጁለት መላም እስከ ዛሬ በየፋብሪካው ይሠራል። ሴንሰሩ መልእክቱን በሽቦ ላይ በሚፈስ የኤሌክትሪክ መጠን ይናገራል፤ ዝቅተኛው 4 ሚሊአምፒር፣ ከፍተኛው 20 ሚሊአምፒር ነው።

በውኃ ታንከር እንየው። ታንከሩ ባዶ ሲሆን 4፣ ግማሽ ሲሆን 12፣ ጢም ሲል 20 ሚሊአምፒር ይፈሳል። ለምን ከ0 አልጀመሩም? እስቲ ሽቦው ተቆረጠ እንበል። በተቆረጠ ሽቦ ምንም አይፈስም፤ 0 ሚሊአምፒር ይሆናል። ባዶ ታንከርን 0 ብለነው ቢሆን ኖሮ «ታንከሩ ባዶ ነው» እና «ሽቦው ተቆርጧል» የሚሉትን መለየት ባልቻልን ነበር። ፓምፑም ሞልቶ የሚፈሰውን ታንከር ባዶ ነው ብሎ ሲሞላ ይውል ነበር። 4 ላይ በመጀመራቸው ግን 0 አንድ ትርጉም ብቻ ቀረለት፤ «እኔ የለሁም» ማለት ነው።

ይቺ ናት የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር። ዜሮ መልስ ነው፤ ዝምታ ግን የመልስ አለመኖር ነው። ጥሩ የሴንሰር ሥርዓት ሁለቱን አያምታታም።

ርካሾቹ ዲጂታል ሴንሰሮችም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ ገና ምንም ሳይለካ፣ ማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥር 85 ዲግሪ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ድንገት 85 ካያችሁ ሞተሩ ጋለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሴንሰሩ ከእንቅልፉ እየነቃ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚጠቀሙበት የዚህ ሴንሰር ፕሮግራም ደግሞ ሽቦው ሲነቀል −127 ይመልሳል። ይህን ሳያጣሩ የቀኑን አማካይ ያሰላ ሰው ድሬዳዋ በረዶ ጣለባት ሊል ነው!

ድሬዳዋ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ሴንሰሩ ዝም አላለም፣ ሽቦውም ደህና ነው እንበል። ቁጥሩ ግን ልክ ነው? ይህን ለማወቅ ሴንሰሩን እርግጠኛ በሆንበት ነገር ላይ እንፈትነዋለን። ካሊብሬሽን የሚባለው ይህ ነው።

ቀላሉ ዘዴ በሚቀልጥ በረዶና በፈላ ውኃ መፈተን ነው። የተፈጨ በረዶ ከውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ሴንሰሩን ብትነክሩት 0 ዲግሪ ማለት አለበት። የፈላ ውኃስ? «100» ብላችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ቀደም ብሎ ይፈላል። ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ሴንሰሩ 92 ሲል «ተበላሽቷል» ብሎ ወደ 100 ያስተካከለ ተማሪ፣ ደህናውን ሴንሰር በገዛ እጁ አበላሸው ማለት ነው።

የተቀመጠበት ቦታም ያሳስታል። የአየሩን ሙቀት ልለካ ብላችሁ ሴንሰሩን የድሬዳዋ ፀሐይ በሚያርፍበት የብረት ሳጥን ውስጥ ብትከቱት የምትለኩት የሳጥኑን ሙቀት ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ቴርሞሜትራቸውን ነጭ በተቀባ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያኖሩት ለዚህ ነው።

የሚሽከረከረው ሞተር የቆመ ሲመስል

ወደ መካኒኩ ካቻቪቴ እንመለስ፤ እሱ የሚሰማው ንዝረትን ነው። ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ በደቂቃ አንዴ መለካት ይበቃል። ንዝረት ግን ፈጣን ነው።

በፋብሪካ የተለመደ አንድ ሞተር በደቂቃ 1,440 ዙር ይዞራል እንበል፤ በሰከንድ 24 ዙር ማለት ነው። እናንተም በሰከንድ ልክ 24 ጊዜ ብትለኩት ምን ይሆናል? በእያንዳንዱ ልኬት ዘንጉ ዞሮ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ እየተንቀጠቀጠ ያለው ሞተር ጸጥ ያለ ይመስላል። በፊልም ላይ የሚሮጥ መኪና ጎማ የቆመ ወይም ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ልትይዙት ከፈለጋችሁት ፈጣኑ ንዝረት ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥናችሁ ለኩ። የተጎዳ ኩሽኔታ ድምፅ ደግሞ ከሞተሩ ዙር በብዙ እጥፍ የፈጠነ ነውና በሰከንድ ሺህና ከዚያ በላይ ልኬት ያስፈልጋል።

ያኔ ሌላ ችግር ይመጣል። በሦስት አቅጣጫ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ብንለካና እያንዳንዱ ልኬት 2 ባይት ቢይዝ በሰከንድ 6,000 ባይት ይሆናል። በቀን ከ518 ሚሊዮን ባይት በላይ ነው፤ ያውም ለአንድ ሞተር። 60 ሞተር ያለው ሼድ ይህን ሁሉ ልላክ ቢል መስመሩም ወጪውም አይችለውም። ስለዚህ ስሌቱ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራና ፍሬው ብቻ ይላካል፤ «ንዝረቱ ከትናንቱ በእጥፍ ጨምሯል» የሚል አጭር መልእክት። መካኒኩም የሰማውን ድምፅ ሁሉ አያወራችሁም፤ «ኩሽኔታው ሊበላ ነው» ብሎ ይጨርሳል።

«አለሁ» ማለት ስንት ያስከፍላል?

ዝምታ ስንት ደቂቃ ሲሆን ነው የሚያሰጋን? ለዚህ መላው ሴንሰሩ ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ በየጊዜው «አለሁ» እንዲል ማድረግ ነው። ሰዓቱን ካለፈ ጠፍቷል ማለት ነው። ኤምኪውቲቲማ ለዚህ «ኑዛዜ» የሚባል ነገር አለው። ዕቃው ገና ሲገናኝ «ሳልሰናበት ብጠፋ ይህን ንገሩልኝ» ብሎ ቃሉን ለአገናኙ ኮምፒውተር ይሰጣል። ድንገት ሲጠፋ አገናኙ ኑዛዜውን ለሁሉም ያሰማል።

ግን ማውራት ባትሪ ይበላል። 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለን፤ ዕቃው ነቅቶ ሲሠራ በአማካይ 100 ሚሊአምፒር፣ ሲተኛ 0.01 ሚሊአምፒር ይወስዳል እንበል። ሁልጊዜ ነቅቶ ከዋለ በ20 ሰዓት ያልቃል። በየደቂቃው ለ5 ሰከንድ ብቻ ቢነቃ 10 ቀን ይቆያል። በየ10 ደቂቃው ለ5 ሰከንድ ቢነቃ ግን 99 ቀን ገደማ ይዘልቃል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ ሙቀትና የባትሪ እርጅና ያሳጥሩታል። ያም ሆኖ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ቶሎ ቶሎ ማወቅ ወይስ ለረጅም ጊዜ መኖር? ለውኃ ፓምፕ የ10 ደቂቃ መዘግየት ይቻላል። ደቂቃዎች የሰው ሕይወት የሚሆኑበት ቦታም አለ። እሱን ለማየት ከፓርኩ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ደቻቱ

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን ብዙ ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ግን ዙሪያው ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ተጠራቅሞ በተኛ ከተማ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። ከተማው ላይ ሆኖ ሰማዩን ማየት በቂ አልነበረም፤ ወሳኙ ነገር ላይ ደጋው ውስጥ የሆነው ነበር።

ከላይ በኩል የወንዙን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ቢኖር ስንት ጊዜ ይሰጣል? ለምሳሌ ጎርፉ በሰከንድ 3 ሜትር የሚሮጥ ከሆነና ሴንሰሩ ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተተከለ፣ ውኃው እስኪደርስ 55 ደቂቃ ገደማ ይኖራል። በ55 ደቂቃ ልጆችን ቀስቅሶ፣ አረጋውያንን ደግፎ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ይቻላል። ሴንሰሩ የሚናገረው በየ10 ደቂቃው ከሆነና አንድ መልእክት ቢጠፋ ግን 20 ደቂቃው ሄደ። ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ወራት ይተኛል፤ የመጀመሪያው ጠብታ መለኪያው ላይ ሲጠራቀም ይነቃና ቶሎ ቶሎ መናገር ይጀምራል። ባትሪውም ለቁርጥ ቀን ይቆጠባል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኃይለኛ ጎርፍ መጥቶ ሴንሰሩን ከነምሰሶው ነቅሎ ቢወስደውስ? ከዚያ በኋላ ምንም አይናገርም። እንደ እኛ የፓምፕ ፕሮግራም «አዲስ ቁጥር ካልመጣ የቀድሞውን አሳይ» የሚል ሥርዓት ከሆነ፣ ከተማው ላይ ያለው ስክሪን «ወንዙ ደህና ነው» እያለ ያድራል። ዜሮ ብሎ የሚተረጉም ከሆነ ደግሞ «ወንዙ ደርቋል» ይላል። ዝናብ እየጣለ ሴንሰሩ ድንገት ዝም ካለ ግን ጥሩ ሥርዓት ሰው ይቀሰቅሳል። እንዲህ ባለ ሌሊት ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ምናልባት ሽቦ ተበጥሶ ብቻ ይሆናል፤ በከንቱ የተቀሰቀሰ ሰው ቢቆጣ ይገባዋል። ማስጠንቀቂያው በተደጋጋሚ ሐሰት ከሆነም ሰው መስማት ይተዋል። ስለዚህ አንድ ሴንሰር አይበቃም፤ ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉ ሁለት ሦስት ያስፈልጋሉ። አንዱ ዝም ሲል ሌሎቹን እንጠይቃለን።

ታዲያ ማስተርስ ላይ ምን ይጠናል?

ወደዚህ መስክ ብዙዎች የሚገቡት ከኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና ወይም ከሶፍትዌር ነው። በድኅረ ምረቃ የሚጠናው ከላይ ያየናቸው እጆች ናቸው፦ ሴንሰርና ልኬት፣ የምልክት ትንተና፣ ገመድ አልባ ግንኙነት፣ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን ፕሮግራም ማድረግ፣ ስታቲስቲክስ፣ ደኅንነት። ደኅንነት የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ከፋብሪካ የወጡበትን የይለፍ ቃል ያልቀየሩ ካሜራዎችንና የኢንተርኔት ሳጥኖችን ሰብስቦ ትልልቅ ድረ ገጾችን ከሥራ አስወጥቶ ነበር። የዝምታውን ያህል፣ የተናገረው ማን እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ መምህራን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ስክሪኑ ውበት አይደለም። «ይህን ቁጥር በምን አረጋገጥከው? መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል? ሽቦው ሲበጠስ ማን ያውቃል?» ነው የሚሉት። መልስ ያለው ሥራ ከፓርኩ ሼድ እስከ ወንዝ ዳር ያገለግላል።

ለመጀመር ማስተርስ መጠበቅ የለባችሁም። አንድ ርካሽ የሙቀት ሴንሰርና አንድ ማይክሮኮንትሮለር ካገኛችሁ በበረዶ ፈትኑት፤ የፈላ ውኃውን ደግሞ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ። የከተማችሁን ከፍታ አጣሩና ውኃ ስንት ላይ መፍላት እንዳለበት አስሉ። ከዚያ እየሠራ ሳለ ሆን ብላችሁ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉና ስክሪኑ ምን እንደሚል እዩ። አሁንም ያው ቁጥር ከታየ ፕሮግራማችሁን አርሙ፤ «አላውቅም» ማለትን አስተምሩት።